ምስክር ነን እንጂ ተከሳሽ አይደለንም

ይድረስ ለምንማርበት ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት ጽሕፈት ቤት
ለተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት
ለስፖርት ክፍል

ጉዳዩ፦ ፍርድ ቤት ለምስክርነት ስለጠራን ብቻ ከቡድን መታገዳችንን ይመለከታል

ክቡር ፕሬዝዳንት፣
የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቶቹ ኃላፊዎች፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ጊዜያችሁን ላለመሻማት በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እንገባለን።

ባለፈው ወር የስፖርት ክፍሉ አንድ ማስታወቂያ አወጣ። «ጉዳያቸው በፍርድ ቤት የተያዘ ስፖርተኞች እስኪጣራ ድረስ ከማንኛውም ልምምድና ውድድር ታግደዋል» ይላል። ከሥሩ የስም ዝርዝር አለ። ተራ ቁጥር 1 ላይ የሰፈረው ክስ የቀረበበት የቡድን ጓደኛችን ነው። ከእሱ በታች የተደረደርነው ግን ምስክሮች ነን። ፍርድ ቤት ጠራን፣ ሄድን፣ የተጠየቅነውን መለስን። ሌላ ያደረግነው ነገር የለም።

ማስታወቂያው የተለጠፈው የተማሪዎች ካፌ በር ላይ ነው። ሁሉም ለምሳ ተሰልፎ በሚያነብበት ቦታ። ከሰዓት በኋላ ፎቶው በግቢው የቴሌግራም ግሩፖች ዞረ። ማታ ላይ ከየቤታችን ስልክ ይደወል ጀመር። የአንዷ ልጅ እናት ገጠር ነው የሚኖሩት። ወሬው እሳቸው ጋ ሲደርስ «ልጅሽ ታስራለች» ሆኖ ነበር። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍረው መጡ። ልጃቸውን ከላይብረሪ ስትወጣ አግኝተው እዚያው መንገድ ላይ አለቀሱ።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገር ግልጽ ይሁን። ይህ ደብዳቤ የአንድ ወገን ደብዳቤ አይደለም። ከመካከላችን ዐቃቤ ሕግ የቆጠራቸው ምስክሮች አሉ። ተከሳሹ ለመከላከያ የጠራቸውም አሉ። ችሎት ላይ የተናገርነው አይመሳሰል ይሆናል። በዚህ ደብዳቤ ላይ ግን ተስማምተን ፈርመናል። ሌላው፣ ስለ ክሱ ፍሬ ነገር አንድም ቃል አንጽፍም። ከውድድር በተመለስንበት ማታ ከተማ ውስጥ ጸብ ተነሳ። አንድ ወጣት ክፉኛ ተጎዳ። ጓደኛችን በከባድ የአካል ጉዳት ተከሰሰ። ይህን ግቢው ሁሉ ያውቀዋል፤ የቀረው የፍርድ ቤቱ ሥራ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ጓደኛችን ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ ሰው እንዲቆጠር ያዛል። የግቢያችንንም ሆነ የከተማውን ስም ያልጻፍነው መዝገቡ ገና ስላልተዘጋ ነው። እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ቅሬታችን። ከመጥሪያው አሰጣጥ እንጀምር።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሜዳ ነበርን። አሟሙቀን ጨርሰን ኢንተርቫል ልንጀምር ስንል ሁለት ፖሊሶች ከአንድ የግቢ ጥበቃ ጋር ትራኩን አቋርጠው መጡ። አሰልጣኙ ፊሽካ ነፍቶ አስቆመን። አንደኛው ፖሊስ የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ስም መጥራት ጀመረ፤ ከነአባት ከነአያት። የተጠራው ከሰልፍ እየወጣ፣ ላቡ በወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ፣ በጥበቃው ጀርባ ላይ አስደግፎ ይፈርማል። ከእኛ ጋር ሜዳውን የሚጠቀሙ የከተማው ልጆች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹ ነበር። ቁርስ ሳንበላ «የዩኒቨርሲቲው አትሌቶች ተያዙ» የሚል ቪዲዮ ከተማውን አዳረሰው።

ፖሊሶቹን አንወቅስም። ትሁቶች ነበሩ፣ የታዘዙትን ነው የሠሩት። ጥያቄያችን ለግቢው ነው። በር ላይ መታወቂያ ጠይቃችሁ፣ ስልክ ደውላችሁ፣ እስከ ሜዳው የሸኛችኋቸው እናንተ ናችሁ። እኛን ወደ ዲን ቢሮ ጠርታችሁ መጥሪያውን እዚያ እንድንቀበል ማድረግ ምን ያስቸግር ነበር? ምስክር በአደባባይ ስሙ ተጠርቶ ከሰልፍ ሲወጣ፣ ለሚያየው ሰው ከተያዘ ሰው በምን ይለያል?

ሁለተኛው ቅሬታችን ትምህርት ነው። ብዙ የተጎዳነውም እዚህ ላይ ነው።

መጥሪያው «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቅረቡ» ይላል። እንቀርባለን። መዝገቡ ሲጠራ ገብተን ስማችን ይመዘገባል፣ ከዚያ ውጪ ሆነን እንድንጠብቅ ይነገረናል። የመሰከረ ካልመሰከረው ጋር እንዳይነጋገር ለየብቻ እንቀመጣለን። አንድ ቀን መቅረጸ ድምፁ አልሠራ ብሎ ተቀጠረ። ሌላ ቀን ጠበቃው ሌላ ችሎት ላይ ነበሩ። ሌላ ጊዜ መብራት ጠፋ። ይህን ያነሳነው ፍርድ ቤቱን ለመክሰስ አይደለም። ለአንድ ምስክርነት ስንት ጊዜ መመላለስ እንደሚያስፈልግ ቢሮ ውስጥ ሆኖ «አንድ ቀን ነው አይደል የቀራችሁት?» ለሚለን ኃላፊ ለማስረዳት ነው። ቀጠሮው ደግሞ የግቢውን ካላንደር አይቶ አይመጣም። ሚድ ላይ ይወድቃል፣ ፋይናል ላይ ይወድቃል፣ የላብ ሪፖርት በሚያልቅበት ቀን ይወድቃል።

ሦስተኛ ዓመት የሆነ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ አለ፤ የመረብ ኳስ ቡድናችን ተጫዋች ነው። የፋይናል ፈተናው ቀን ችሎት ላይ ነበር። መጥሪያውንና ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት የተጻፈለትን የመቅረቡን ማስረጃ ይዞ ሜካፕ (ያመለጠውን ፈተና በሌላ ቀን መውሰድ) ሊጠይቅ ሄደ። ወረቀቱ ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው። ቢሮው ውስጥ ያሉት ሰው አገላብጠው አዩትና «ይሄ እኛ ጋ አይሠራም፤ ሜዲካል የለህም?» አሉት። የሴኔት ሕጉ ለሜካፕ የሚያውቀው ሁለት ምክንያት ነው ተባለ፤ የሐኪም ወረቀትና የቤተሰብ ሞት። ልጁ አልታመመም፣ ሰውም አልሞተበትም። ከቢሮው ሲወጣ አንድ ሠራተኛ አዝነውለት ተከትለውት ወጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዝም ብለህ ክሊኒክ ሂድና አሞኛል በል፣ ወረቀት አያጡህም» አሉት።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብላችሁ አስቡልን። ልጁ በዚያው ሳምንት ችሎት ቆሞ እውነቱን ብቻ ሊናገር ምሏል። ከእኛ ገሚሱ በመጽሐፍ ቅዱስ፣ ገሚሱ በቁርዓን ነው የማልነው። ለእውነት የከፈለውን ሰዓት ለማስመለስ ግን መዋሸት አለበት። አልዋሸም። ኮርሱ ላይ ኤፍ ገባበት። ያ ኮርስ ለቀጣዮቹ ቅድመ ሁኔታ ስለሆነ የምረቃው ጊዜ ተገፋ።

ሌሎቻችንም እንደየዕድላችን ነው የወጣነው። አንዳንድ መምህራን መጥሪያውን አይተው ያለ ምንም ጭቅጭቅ አስተናገዱን። ሌሎቹ «ስፖርተኛ ሁልጊዜ ሰበብ አያጣም» ብለው በአቴንዳንስ ኤንጂ (ውጤት አልባ) ሰጡን። ነገሩን የሚወስነው ደንብ ሳይሆን የመምህሩ የዚያን ቀን ስሜት ሆነ። ደንብ ቢኖር መምህሩም አይቸገርም ነበር።

ቀጥሎ የቡድን ምርጫ። ይህን ስፖርት ያልሠራ ሰው አቅልሎ ሊያየው ስለሚችል በዝርዝር እናስረዳ።

የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ለእኛ መዝናኛ ብቻ አይደለም። የባንክ፣ የመብራት ኃይል፣ የመከላከያ፣ የፖሊስ ክለብ አሰልጣኞች ሰዓትና ስም የሚጽፉት እንዲህ ባለ ውድድር ላይ ነው። ጥሩ የሮጠች ልጅ ክለብ ትገባለች፣ ደሞዝ ይቆረጥላታል፣ ቤተሰቧን ትረዳለች። ከእኛ መካከል 1500 ሜትር የምትሮጥ ልጅ አለች። የማጣሪያው ቀን ከችሎት ቀጠሮዋ ጋር ገጠመ። አስቀድማ አሳወቀች። «በሌላ ቀን ሰዓትሽን እንይዝልሻለን» ተባለች። አልተያዘላትም። ቡድኑ ያለ እሷ ተመረጠ። የላብ መተኪያዋም (ለስፖርተኛ የሚሰጠው አበል) ተቆረጠ፤ ምክንያቱ ሲጠየቅ «ልምምድ አልተገኘችም» ተባለ። የላብ መተኪያው ብዙ ብር ሆኖ አይደለም። የእሷ ግን የጫማ ብር ነበር፤ ያቺ ልጅ ስፓይኳን ሁለት ጊዜ አሰፍታ ነው የምትሮጥበት።

እሷ ብቻ ብትሆን አጋጣሚ ነው ባልን ነበር። በእግር ኳስ ቡድኑም ከምስክሮቹ አንዱ ቋሚ ተሰላፊ ነበር። ከመሰከረ በኋላ ተጠባባቂ ሆነ። ቀጥሎ ትጥቅ መልስ ተባለ። ጥፋቱን የነገረው የለም።

ነገሩ ችሎት ውስጥ ምን እንደሚያስከትል ያየነው እኛ ነን። በአንድ ርቀት የሚሮጡ ሁለት ልጆች በአንድ ዶርም ያድራሉ፣ ከአንድ ትሪ ይበላሉ፣ ጠዋት ለአንድ ቦታ ይሽቀዳደማሉ። ጠበቆችም ይህን አያጡትም። ከዐቃቤ ሕግ ምስክሮች አንዱ በመስቀለኛ ጥያቄ ላይ «ተከሳሽ ከቡድን ሲወጣ ቦታው ለአንተ አይደለም ወይ?» ተብሎ ተጠየቀ። የመከላከያ ምስክሯን ደግሞ ዐቃቤ ሕጉ «ለተከሳሽ ካልመሰከርሽ ከቡድኑ እንደምትወጪ ተነግሮሽ ነው አይደል?» አሉ። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ምስክር ወገንተኛ መሆን አለመሆኑ እንደዚያ ነው የሚፈተሸው። ታዲያ ጉዳዩ ገና እየታየ አንዱን ምስክር ስታወጡ፣ ሌላውን ስታስገቡ፣ ቀጥሎ ሁላችንንም ስታግዱ፣ ለጠበቆቹ ጥያቄ የምታቀብሉት እናንተ ናችሁ። የምስክርነታችንን ክብደት የሚያቀልለው የእናንተ ማስታወቂያ ነው። ለተከሳሹም አይበጅም። አንቀጽ 20 ተከሳሽ የሚቀርቡበትን ምስክሮች የመጠየቅና የራሱን መከላከያ ምስክሮች አስቀርቦ የማሰማት መብት ይሰጠዋል። የመሰከረ እንደሚታገድ ያየ ተማሪ ነገ ማን ሊመሰክርለት ይመጣል? ቀሪ የመከላከያ ምስክሮች አሉ። ከእነሱ አንዱ ማስታወቂያውን ካነበበ ወዲህ ስልኩን አያነሳም።

አሁን ደግሞ ለመጻፍ ወደሚከብደን ነገር እንምጣ።

መጥሪያው በደረሰን ሰሞን ከልምምድ በኋላ ክብ ሠርተን እንድንቀመጥ ተደረገ። «ቡድን ቤተሰብ ነው፤ የቤተሰብ ገመና አደባባይ አይወጣም» ተባልን። ቀጥሎ አንዱ ልጅ ለብቻው ተጠርቶ «ጨለማ ነበር፣ አላየሁም ማለት ምን ያስቸግራል?» ተባለ። ይህን ያሉት ሰው ክፉ ሰው አይደሉም። ልጁን ከገጠር ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ ተከሳሹንም እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት። ያም ሆኖ ያሉት ነገር ትክክል አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 448 በሕጋዊ መንገድ ተጠርቶ ያለ በቂ ምክንያት የቀረን ምስክር ይቀጣል። አንቀጽ 453 በሐሰት የመሰከረን ይቀጣል። «አላየሁም በል» የተባለው የ20 ዓመት ልጅ ቢታዘዝ ኖሮ ወኅኒ የሚወርደው እሱ ነበር፣ መካሪው አይደሉም። ግቢው ውስጥ የሕግ አገልግሎት ክፍል አለ። የሕግ ትምህርት ክፍልም አለ። አንድ ሰው ለአንድ ሰዓት መጥቶ «መጥሪያ ሲደርሳችሁ እንዲህ ነው፣ መብታችሁ ይኸ ነው፣ ግዴታችሁ ይኸ ነው» ቢለን ኖሮ ከማን ምን እንደምንሰማ እናውቅ ነበር። ማንም አልመጣም።

ሽማግሌም ተልኮብናል። ሽምግልና ባህላችን ነው፤ የተጎጂውና የተከሳሹ ቤተሰቦች እርቅ ቢያወርዱ ከማንም በላይ ደስ የሚለን እኛ ነን። ምስክር ግን ምኑን ይታረቃል? የተጣላው ሰው የለም። ሽማግሌዎቹ ግቢ ገብተው፣ ዶርማችን በር ላይ ቆመው፣ «ወንድማችሁን ልታሳስሩ ነው ወይ?» ሲሉን ፕሮክተሮቹ (የዶርም ተቆጣጣሪዎቹ) ሻይ አቅርበው ነው የተቀበሏቸው። እንግዳ መቀበል መልካም ነው። ለምን እንደመጡ መጠየቅ ግን ነበረባቸው።

በሌላ በኩል ያሉት ጓደኞቻችንም አልተረፉም። ለመከላከያ የመሰከረች ልጅ ከተማ ወርዳ ባጃጅ ስትሳፈር ሹፌሩ የተጎጂው ዘመድ ሆኖ ተገኘ። «ገዳይ የምትደብቂ አንቺ ነሽ?» ብሎ መሀል መንገድ ላይ አወረዳት። ማንም አልሞተም፤ ተጎጂውም እግዚአብሔር ይመስገን አገግሟል። ወሬ ግን እንደዚያ ነው የሚያድገው።

ከሁሉም የከበደው ግን የፍሬሽማኑ ልጅ ነው። ዶርሙ ውስጥ ከሚያድሩት ሁለቱ የተከሳሹ የቅርብ ጓደኞች ናቸው። ከመሰከረ ማታ ጀምሮ የሚያናግረው ጠፋ። ቀጥሎ ፍራሹ ላይ ውሃ ፈሶ አገኘ። ቀጥሎ ሎከሩ ተሰበረ። «የት እንደምትሮጥ እናውቃለን» የሚል መልእክት ከማያውቀው ቁጥር መጣለት። ዶርም ቀይሩልኝ ብሎ አመለከተ። የተሰጠው መልስ «በመሀላችሁ ጨርሱት» ነበር። አሁን አንድ የክፍል ጓደኛው ጋ፣ ወለል ላይ ነው የሚያድረው። ጠዋት ልምምድ መምጣት ከተወ ቆይቷል፤ ከእገዳውም በፊት።

አገሪቱ የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ አላት። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 699 ነው። አዋጁ የሚሠራው ተጠርጣሪው የተከሰሰበት ወንጀል ዝቅተኛ ቅጣቱ ስንትም ይሁን ስንት፣ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ሲሆን ነው። በምስክሩ ወይም በቤተሰቡ ላይ ከባድ አደጋ መኖሩን ጨምሮ ሌሎች መመዘኛዎችም አሉት። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ጥበቃ ለሽብርና ለትልልቅ ሙስና ጉዳዮች ብቻ ይመስለዋል፤ እኛም እንደዚያ ነበር የሚመስለን። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 555 ከባድ የአካል ጉዳት ግን እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ማለትም ለዚያ ልጅ ቢያንስ ማመልከት የሚቻልበት በር ነበር። የሚያመለክትበትን ቦታ የነገረው የለም። እንዲህ ያለ ትልቅ ጥበቃ ቀርቶ፣ ሁለት ብሎክ ርቆ የሚገኝ ባዶ አልጋ የአዋጅ ጉዳይ አይደለም። የፕሮክተር ፊርማ ነው የሚፈልገው።

በሌላ አገርም ይህ ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ሻርሎትስቪል ከተማ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የላክሮስ ተጫዋች የነበረ ወጣት በግድያ ተከሶ ሲቀርብ የቡድን ጓደኞቹ ምስክር ሆነው ቆመዋል። በ2023 የአላባማ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን አባል በግድያ ሲከሰስ፣ የቡድኑ ኮከብ ስም በምስክርነት ተነሳ። ክስ አልቀረበበትም። ዩኒቨርሲቲው አላገደውም፤ መጫወቱን ቀጠለ። ማስፈራሪያ ሲበዛበት ታጣቂ ጠባቂ ተመደበለት። ውሳኔው ብዙ ትችት ደርሶበታል፣ ትችቱም ሁሉ ከንቱ ነው አንልም። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሌላ ጉዳይ የተከሰሰ ተጫዋች ራሱ ታግዶ ነበር። የፌዴራል ዳኛ በጥር 2024 ወደ ሜዳ እንዲመለስ አዘዙ። በሰኔ ካንሳስ ውስጥ በታየው ችሎት የቡድን ጓደኛው ቀርቦ መሰከረ፤ ልጁም ነጻ ተባለ። እነዚህን ያነሳነው ፈረንጅ ያደረገው ሁሉ ልክ ነው ለማለት አይደለም። እዚያ የሚከራከሩት ተከሳሹ ይጫወት አይጫወት በሚለው ላይ ነው። እኛ ጋ ገና ምስክሩ ይሩጥ አይሩጥ ላይ ነን።

አንድ የስፖርት ክፍሉ ባልደረባ «እናንተን ለመጠበቅ ብለን ነው ያገድናችሁ» ብለውናል። ጥበቃ ከሆነ ለምን ካፌ በር ላይ ተለጠፈ? ለምን ከተከሳሹ ጋር በአንድ ዝርዝር? ለምን የላብ መተኪያችን ቆመ? «እስኪጣራ» የሚለውስ የሚጣራው ምንድን ነው? በእኛ ላይ የቀረበ ክስ የለም። የዲሲፕሊን ኮሚቴም አልጠራንም። ምስክርነት የሚጣራ ከሆነ የሚያጣራው ችሎቱ ነው፤ አጣርቶም እየጨረሰ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ማስታወቂያው በጽሑፍ ይሻር። ማረሚያው በዚያው በካፌው በር፣ በዚያው መጠን ይለጠፍ። «የተጠቀሱት ተማሪዎች በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለምስክርነት የቀረቡ ናቸው፤ በእነሱ ላይ የቀረበ ክስ የለም» ቢል ይበቃናል። ይቅርታ እንኳ አልጠየቅንም። በዩኒቨርሲቲው የቴሌግራም ቻናልም ይውጣ፤ ስማችን የጠፋው እዚያ ነውና።

ሴኔቱ በሚቀጥለው ስብሰባው አንድ መስመር ይጨምርልን፦ የፍርድ ቤት መጥሪያና የመቅረብ ማስረጃ ያለው ተማሪ ከሐኪም ወረቀት እኩል ተቆጥሮ ሜካፕ ይሰጠው፣ አቴንዳንሱም አይቆጠርበት። ይህ ለስፖርተኛ ብቻ አይደለም። ነገ በመኪና አደጋ ጉዳይ የሚጠራ የአካውንቲንግ ተማሪም ይጠቀምበታል። የምህንድስናው ልጅ ያመለጠው ፈተና ደግሞ የሴኔቱን ስብሰባ ሳይጠብቅ ይሰጠው፤ ኮርሱ በሚቀጥለው ሴሚስተር አይከፈትምና።

ከቡድን የወጡት ምስክሮች ወደነበሩበት ይመለሱ፣ ማጣሪያ ያመለጣቸውም ሰዓታቸው ይያዝላቸው። በሰዓታቸው ከወደቁ ይውደቁ፤ በዚያ ቅሬታ የለንም። የተቆረጠው የላብ መተኪያ ይከፈል። መዝገቡ እስኪዘጋ ድረስ ምስክሮችን የሚመለከት የቡድን ውሳኔ ሁሉ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጥ። አሰልጣኞቻችን ራሳቸውም ከሐሜት የሚድኑት እንደዚያ ነው።

አሰልጣኞች፣ ፕሮክተሮችና የስፖርት ክፍሉ ሠራተኞች ከምስክር ጋር ስለ ምስክርነቱ እንዳይነጋገሩ በደብዳቤ ይታዘዙ። ሽማግሌም ሆነ ጠበቃ ምስክርን ሊያነጋግር ግቢ ሲመጣ ዲን ቢሮ ያስመዝግብ፣ ተማሪውም ካልፈለገ አይገናኝ። መጥሪያ የያዘ ፖሊስ ሲመጣም ተማሪው ወደ ቢሮ ተጠርቶ በክብር ይቀበል።

የፍሬሽማኑ ልጅ ዶርም ዛሬ ይቀየር። ሌላው ሁሉ ሳምንት ሊጠብቅ ይችላል፣ ይህ አይችልም። ማመልከቻው ፕሮክተር ቢሮ ከገባ ቆይቷል። የተላከለት የማስፈራሪያ መልእክትም ስልኩ ላይ አለ፤ ግቢው ራሱ ለፖሊስ ያቅርበው እንጂ እንደገና ልጁን ብቻውን ጣቢያ አታመላልሱት።

ለዩኒቨርሲቲዎቹ ውድድር የስም ዝርዝር የሚላከው በዚህ ወር መጨረሻ ነው። መልሳችሁን ከዚያ በፊት በጽሑፍ እንጠብቃለን። ልታነጋግሩን ከፈለጋችሁ ሁላችንም እንመጣለን፤ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮችም የመከላከያ ምስክሮችም አብረን። ቀጠሮው ብቻ ከችሎት ቀን ጋር እንዳይገጥም እንለምናለን።

ከአክብሮት ጋር

የሴቶች አትሌቲክስ ቡድን አምበል፣ የዐቃቤ ሕግ ምስክር
የወንዶች እግር ኳስ ቡድን ምክትል አምበል፣ የመከላከያ ምስክር
እና በዚሁ መዝገብ በሁለቱም ወገን የተጠራን የአትሌቲክስ፣ የእግር ኳስና የመረብ ኳስ ቡድኖች አባላት

ግልባጭ፦
ለዩኒቨርሲቲው የሕግ አገልግሎት ክፍል
ለሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት
ለተማሪዎች ኅብረት
ለፕሮክተሮች ማስተባበሪያ